ደቻቱ የት ይደርሳል?

ልጅ ሳለሁ አባቴን የጠየቅሁት የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራን ከመጋላ በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ቆመን ነበር። ከሥራችን ውሃ የለም፤ ያለው አሸዋ ነው። ፍየሎች ያቋርጡታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ከዳር እዳር ይሻገረዋል። ወንዝ መሆኑን የሚመሰክሩለት ስሙና ስፋቱ ብቻ ናቸው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና ማንኛውም መስመር መድረሻ ጣቢያ እንዳለው ያምን ነበር። «ደቻቱ የት ይደርሳል?» ስለው በእጁ ወደ ሽንሌ ሜዳ አመለከተኝና፣ «የትም አይደርስም ልጄ፤ እዚያ አሸዋው ውስጥ ይጠፋል» አለኝ።

ለወንዙ አዘንኩለት። ከደንገጎ ተራሮች ተንደርድሮ ይወርዳል፣ ከተማውን ለሁለት ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ባሕር ሳያይ አሸዋ ይውጠዋል። ትምህርት ቤት ገብቼ ካርታ ማንበብ ስማርም ኀዘኔ አልቀለለም። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ሁሉ አንድ ቦታ ሲገቡ የእኛው ወንዝ መሐል ሜዳ ላይ ተቋርጦ የቀረ ዓረፍተ ነገር ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ፣ ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ሆኜ፣ ጥያቄው ባልጠበቅሁት ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ እንደገና መጣብኝ።

ወንዟ ባሕር አይድረስ እንጂ ድሬዳዋን የወለዳት ባሕር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር መስመር ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሐዲዱን ወደ ሐረር የሚወስደውን ተራራ ማስወጣት አስቸጋሪና ውድ ሆነና መስመሩ በግርጌው አለፈ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። መስመሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 15 ዓመት ገደማ ወስዷል። በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የመጣው ጨርቅ፣ ጨውና መሣሪያ እዚህ እየወረደ፣ ቡናውና ቆዳው እዚህ እየተጫነ ድሬ አደገች። እናቶቻችን የሚያገለድሙት ሽርጥ፣ ምግብ የምንበላበት ሳህን ባሕር ያቋረጠ ነበር። እኛ ግን ባሕሩን አይተነው አናውቅም።

አራት ነን። አንዱ መምህር ነው፤ አንዱ ነጋዴ ነው፤ እንደ ብዙ የድሬ ልጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እኩል ይጫወታል። አንዷ ከፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። አራተኛው እኔ ነኝ። ከስንት ዓመት ቀጠሮ በኋላ፣ የጅቡቲ ሙቀት በሚበርድበት በጥር ወር፣ የሳምንቱን መጨረሻ ሙሻ ደሴት ላይ ልናሳልፍ ተስማማን። ሙሻ ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ታናሽ እኅቷን ማስካሊን ከጎኗ አድርጋ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የተቀመጠች የኮራል ደሴት ናት። ከሀገራችን ሰው ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የቅመም ነጋዴዋ ወዳጃችን ለጎረቤቷ ለአንዲት እናት ወሬውን ብትነግራቸው፣ «ደሴት? ምነው ልጄ፣ ልትመነኩሺ ነው?» አሏት።

የእኚህ እናት ቃል መንገዱን ሁሉ ከእኔ ጋር ሄደ። ደሴት ለእኛ ከጥንት የመዝናኛ ስም አልነበረም። ደሴት ሲባል ጣና ይታወሰናል፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ይታወሰናል። ወይም ደግሞ እስር ቤት ይታወሰናል፦ ጣሊያን አርበኞችን ያጎረበት፣ በዳህላክ ደሴቶች መካከል ያለው ናኩራ፤ ራስ እምሩ ተግዘው የኖሩበት የጣሊያኑ ፖንዛ። ባሕር በሌለበትም ቢሆን ደሴት ሠርተናል፤ መሳፍንቱ እንዳይወርዱ የተጠበቁበት አምባ ግሸን በገደል የተከበበ ደሴት ነበር። መነኩሴው ዓለምን ትቶ ይሄዳል፤ እስረኛው ከዓለም ተነጥቆ ይሄዳል። ሁለቱም ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው የሚዘጋ በር አለ። እኛ ግን እሁድ ማታ ልንመለስ፣ ሰኞ ሱቅ ልንከፍት ነበር የምንሄደው። ለእንዲህ ያለው መሄድ ስም አላገኘሁለትም።

ሐሙስ በአዲሱ ባቡር ተነሳን። ጅቡቲ ውስጥ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነውና አንድ ቀን መቅደም ነበረብን። አባቴ ያገለገለበት ጠባብ ሐዲድ ከተማው መሐል ከነጣቢያው ቀርቷል፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ባቡሩ ሽንሌን አልፎ ወደ አዲጋላ፣ ወደ አይሻ፣ ወደ ደወሌ ሲወርድ በመስኮት የማየው ነገር አንድ ሆነብኝ። በየጥቂቱ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ሥር ግን አሸዋ እንጂ ውሃ የለም። ሁሉም የደቻቱ ወንድሞች ናቸው። ሁሉም ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ እኛን የጫነው ባቡር ወደሚሄድበት ዝቅታ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ሁሉም ግን መንገድ ላይ ይቀራሉ። እኛ በኤሌክትሪክ እየተጎተትን በአናታቸው አለፍን። ዕድሜዬን ሙሉ ያዘንኩለትን ወንዝ ጥዬው የምሄድ፣ እሱ ያልቻለውን በግማሽ ቀን የምፈጽም መሰለኝና አፈርኩ።

ዓርብ ማለዳ በጀልባ ተሻገርን። ሙሻ መጀመሪያ በአድማስ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቻ ናት፤ ተራራ የላት፣ ኮረብታ የላት። ሲቀርቧት አረንጓዴው ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ የተከለ የማንግሮቭ ደን ይሆናል። አሸዋዋ ነጭ ነው። በእጄ ዘግኜ ሳየው የደቻቱ ዓይነት አሸዋ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የእኛው፣ ተራራ ተፈጭቶ የወረደ ድንጋይ ነው፤ ይህ የዛጎልና የኮራል ስብርባሪ ነው። የቆምንበት መሬት ራሱ ዓይን በጭንቅ የሚያያቸው ትናንሽ ፍጥረታት ኖረው፣ ቤታቸውን ሠርተው፣ ሞተው ያከማቹት ነው። አንዳቸውም ደሴት ሊሠሩ አልተነሱም። እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የምትበቃ ግድግዳ ሠሩ፤ ዘመን ሲደራረብ እኛ አራት ሰዎች የምንቆምበት ምድር ወጣ።

መምህሩ ወዳጃችን የደሴቲቱን ታሪክ ያነሳው እዚያው ቆመን ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መልእክተኛ ካፒቴን ሞርዝቢ ሙሻን ከታጁራው ሱልጣን በአሥር ከረጢት ሩዝ ገዛት። ኩባንያው ግን ብዙም አልተጠቀመባትም፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለፈረንሳይ ተለቀቀች። የቅመም ነጋዴዋ ይህን ሰምታ ዝም ብላ ስታሰላ ቆየችና፣ «አሥር ከረጢት ሩዝ ለስንት ሰው ይደርሳል?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ጥያቄዋ ግን ልቤ ውስጥ ተሰካ። እሷ «ይደርሳል» ያለችው ስለ መንገድ አልነበረም፤ ስለ መብቃት ነበር። አንድ ድግስ ላይ እንጀራው ለሁሉ «ደረሰ» እንደምንለው ነው። ድርሻ የምንለውም ቃል ከዚያው ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ማለት ነው።

ያን ቀን ዋኘን፣ ዓሣ ጠበስን፣ ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተዘዋወርን። ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነት ዝምታ ወረደብን። ያጣላን ነገር የለም፤ የደከመንም አይመስለኝም። ከስንት ዓመት ጀምሮ «አንድ ቀን ባሕር እናያለን» ስንል ኖረን፣ አሁን ባሕሩ እግራችን ሥር ነበር። ነጋዴው ጋደም ብሎ፣ «አቦ፣ ደረስን። ከዚያስ?» አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ድምፅ አልነበረውም፤ በእርግጥ ሊያውቅ ፈልጎ ነበር የጠየቀው። ባሕሩም ቢሆን መልስ የለውም። ባሕር ለሚመጣው ሁሉ ያው ነው፤ ማንም ቢደርስበት አይጨምር፣ ማንም ቢቀርበት አይጎድል።

የአማርኛን «ደረሰ» ማሰላሰል የጀመርኩት በዚያ ዝምታ ነው። እህል ደረሰ እንላለን፤ እህሉ ግን ከበቀለበት ማሳ አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ልጅ ደረሰ እንላለን፤ ልጁ እናቱ ቤት ነው ያለው። በቋንቋችን ለመድረስ የግድ መሄድ አያስፈልግም፤ መብሰልም መድረስ ነው። ይህን እያወቅሁ ስለ ወንዝ ሳስብ ብቻ ለምን በርቀት እለካለሁ? ለምን አንድ ወንዝ ባሕር ካልገባ ቀረ፣ ጠፋ፣ ተበላ እላለሁ?

አዋሽን አሰብኩ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ከዚህ ከተቀመጥንበት ባሕረ ሰላጤ ብዙም ሳይርቅ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ይህ «ያልደረሰ» ወንዝ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቷል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ከእሱ መብራት አውጥቷል፤ የአፋር ከብት የሚጠጣው እሱን ነው። ሉሲ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችው በእሱ ሸለቆ፣ በሐዳር ነው። ዋቢ ሸበሌም ከእኛ ደጋ ወጥቶ ሶማሊያን አቋርጦ አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይገባ ረግረግ ላይ ያልቃል፤ በዳርቻው ግን ስንት እርሻ አለ። እነዚህን ወንዞች ባሕር ዳር ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው አልመጡም ይላል። በየመንገዳቸው ዳር የሚኖረው ሰው ምን እንደሚል መጠየቅ ነበረብኝ።

ያ ሐሳብ ሊያጽናናኝ ሲጀምር መሸ። ሌሊት ማዕበሉ ከፍ አለ። ብነቃ ሌሎቹ ተኝተው የቅመም ነጋዴዋን ብቻ ተቀምጣ አገኘኋት። ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ጨለማው ዛፍ ዞራ ነበር። «ድምፁ ነው» አለችኝ። «ቀን ቀን ደስ ይላል። ሌሊት ግን ውሃ እንዲህ ሲጮህ መተኛት አልችልም።» እንዴት ረሳሁት? ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ በደቻቱ ወረደ። አሸዋ ሆኖ የምናውቀው ወንዝ በእንቅልፍ ላይ ወዳለው ሰው ግድግዳ አፍርሶ ገባ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። እሷ ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጣሪያ ላይ አውጥተዋት ተረፈች፤ ከአጥራቸው ማዶ ግን ሲነጋ ያልተገኙ ጎረቤቶች ነበሩ። «ከሩቅ ባቡር የሚመጣ ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ።

የአዋሽ ማጽናኛዬ እዚያ ተሰበረ። ደረሰ የሚለው ቃል ሌላም ፊት አለው፤ «ምን ደረሰባት?» እንላለን። አንዲት «በ» መሐል ገብታ መድረስን መከራ ታደርገዋለች። ደቻቱ የትም አይደርስም ብዬ ያዘንኩለት እኔ፣ ለእሷ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ደጃፏ ድረስ የመጣ ወንዝ መሆኑን አላሰብኩም። እሷ ወንዙ እንዳይደርስ ስትጸልይ የኖረች ሰው ናት። አንዱን ወንዝ አንዱ ለምን ቀረ ይለዋል፤ ሌላው ምነው ባልመጣ ይለዋል። ሁለታችንም ልክ ነን። እንግዲህ መድረስ በራሱ መልካም ነገር ነው ማለት አልችልም። ቃሉን ከመውደዴ በፊት የምትከተለውን ፊደል መጠየቅ አለብኝ።

ማለዳ ጀልባ ነጂው ቁርስ ሊያዘጋጁልን ተነሱ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ነጋዴው ወዳጃችን በሶማሊኛ «አዴር» እያለ ያጫውታቸዋል። ደሴቲቱ ላይ የምንጠጣው ሁሉ በእሳቸው ጀልባ የመጣ ነበር፤ ከቤታቸው ቧንቧ የሞሉት አንድ ቢጫ ጄሪካን። ሽማግሌው አንድ ኩባያ ቀድተው ለነጋዴው ሰጡትና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሲተረጉምልን ፊቱ ተለውጦ ነበር። «የእናንተው ውሃ ነው፣ ጠጡ ይላሉ። ድሮ የከተማችን ቧንቧ ጨው ጨው ይል ነበር፤ አሁን ከእናንተ ሀገር የሚመጣው ተጨምሮበታል ነው የሚሉት።»

መምህሩ ነገሩን ያውቀዋል። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ በአዲጋላ፣ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ቧንቧ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጅቡቲ ውሃ ያደርሳል፤ የታቀደው አቅሙም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። ጅቡቲ ዓመት ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ያ ቆላ ከድሬ ወጥተን በባቡር ያቋረጥነው፣ ስንት የአሸዋ ወንዝ ሲቀርበት ያየሁት አገር ነው። በዚያ ኩባያ ውስጥ ያለችው ጠብታ ከደቻቱ የመጣች ናት አልልም፤ የከርሰ ምድርን መንገድ ማንም በጣቱ ሊከተለው አይችልም። ይህን ያህል ግን እርግጠኛ ነኝ፦ በምድራችን አሸዋ የዋጠው ውሃ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። ከፊሉ ይሰርጋል፣ ይጠራል፣ ድንጋይ ሥር ይቀመጣል። ድሬዳዋ ራሷ የምትጠጣው እንደ ሳቢያን ካሉ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው እንጂ ከፊት ከሚታይ ወንዝ አይደለም። አባቴ «ይጠፋል» ያለኝን ውሃ በዚያው ቀን ቤታችን ገብተን ጠጥተነው ይሆናል።

የቅመም ነጋዴዋ ጄሪካኑን ተቀብላ በኩባያ ታካፍለን ጀመር። «ይኸ ያንተ ድርሻ፤ ይኸ የአዴር።» ሌሊቱን ያልተኛው ዓይኗ ቀልቷል። በውሃ ድምፅ የተረበሸችው ሴት ውሃ ስታድል ሳይ የቋንቋችን ሌላው ፊደል ወለል ብሎ ታየኝ። ለተጠማ ሰው ውሃ ሲቀርብለት ደረሰለት እንላለን። በችግር ቀን የመጣ ወዳጅ ደረሰልኝ ይባላል። ደረሰበትና ደረሰለት የአንድ ፊደል ልዩነት ናቸው፤ ዝናቡም ያው ዝናብ፣ ተራራውም ያው ተራራ። ውሃው ፊደሉን አይመርጥም። «በ» ወይም «ለ» እንዲሆን በመጠኑም ቢሆን የሚወስነው በተራራውና በደጃፋችን መካከል ያለው የሰው ሥራ ነው፦ ደጋው ላይ የተተወ ወይም የተመነጠረ ዛፍ፣ በወንዙ ዳር የቆመ ወይም ያልቆመ ግንብ፣ ቤት የሠራንበት ቦታ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በጊዜ የተነገረ ወይም ያልተነገረ ማስጠንቀቂያ። መድረስ በወንዝ ዘንድ ዝም ብሎ መውረድ ነው። በሰው ዘንድ ግን ምግባር ነው።

ባሕር የናፈቀ ሀገር ልጆች ነን። ናፍቆቱን አልነቅፍም፤ እኔም በእሱ ነው እስከ ሙሻ የሄድኩት፤ ያንን ሰማያዊ ውሃ በማየቴም ዕድሜዬን ሙሉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ባሕር ያልደረሰውን ሁሉ እንዳልተፈጸመ ቆጥሬ፣ በእግሬ ሥር ሰርጎ ያጠጣኝን ሳላመሰግን መኖሬን ያየሁት እዚያው ባሕሩ ፊት ቆሜ ነው። ስንትና ስንት ሰው አለ፣ ስሙ ከሰፈሩ ያልወጣ፣ ካርታ ላይ የሌለ፣ ጎረቤቱን ግን ዕድሜ ልኩን ያጠጣ። አባቴ አንዱ ነበር። ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ፣ ሐዲዱ የሚያደርስበትን ወደብ አንድ ቀን ሳያይ ሞተ። በእሱ ብሎን ስንቱ ሰው ባሕር ደርሶ ተመለሰ።

እሁድ ማታ ድሬ ገባን። ከባጃጅ ወርደን ድልድዩ ላይ ቆምን፤ አሸዋው በጨረቃ ነጥቶ ያደርንበትን የባሕር ዳር ይመስል ነበር። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ የተሠራው ግንብ ግራና ቀኝ ይታያል። ግንቡ ብቻውን እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ቤቷ ለወንዙ ከሁላችንም የቀረበው የቅመም ነጋዴዋ ናት፤ የመምህሩ ቤት ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነ የደንገጎን ሰማይ ከመስኮቱ ያያል። ያን ማታ ተማማልን፦ ክረምት ሲገባ፣ ደጋው ላይ መብረቅ ያየ፣ ሌሊት ቢሆንም፣ ይደውላል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። መምህሩ ነበር፦ «ደንገጎ ጠቁሯል፤ ደውዬላታለሁ፣ ነቅታለች። አንተ ባጃጅ ይዘህ ውረድ።» ወረድኩ። በሯ ላይ ስደርስ ልጆቿን አልብሳ፣ ሰነዷን በፌስታል ይዛ ቆማ ነበር። ነጋዴው ቀድሞኝ መጥቶ ትንሿን አዝሏል። ያን ሌሊት ውሃው ከግንቡ ሳያልፍ ነጋ። ከፍ ካለው ሰፈር ሆነን፣ ቡና እየጠጣን፣ ቡናማው ጎርፍ ወደ ሽንሌ ሜዳ ሲሄድ አየነው። ትንሿ ልጅ በጣቷ እያሳየች፣ «ያ ውሃ የት ይደርሳል?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ ጥቂት ካሰበች በኋላ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ጠጥተሽው ታውቂያለሽ» አለቻት።